ሞተሩን የገደለው ምን ነበር? የአንድ ፕራዶ ጉዳይ ከጎንደር

መኪናዋ በ1998 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ላንድክሩዘር ፕራዶ ናት። ሞተሯ ዋን ኬዜድ ይባላል። ባለ አራት ፒስተን፣ ሦስት ሊትር፣ ናፍታ፣ ባለ ተርቦ። ይህን ሞተር ጎንደር ውስጥ የማያውቅ መካኒክ የለም። ሰርፍ በሚባለው ቶዮታ ላይም ገብቷል። ጠንካራ ነው፤ ጭነት አይፈራም፤ ናፍታው ትንሽ ቆሻሻ ቢሆን እንደ አዳዲሶቹ ሞተሮች ወዲያው አያኮርፍም። አንድ ደካማ ጎን ግን አለው። ብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ ብረት ነው፤ ከላዩ የሚከደነው ቴስታታ አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ሲግሉ እኩል አይለጠጡም። ሙቀቱ በልኩ እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። ከልክ ሲያልፍ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ቴስታታው ነው።

ባለቤቷ እህል ነጋዴ ናቸው። ከአምባ ጊዮርጊስና ከዳባት ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያነሳሉ። ጭነቱ በአይሱዙ ነው የሚመጣው። ፕራዶዋ እሳቸውን፣ ሠራተኞቻቸውንና ባዶ ከረጢት ይዛ ትመላለሳለች። ስማቸውን አልጽፍም። ጋራዥ ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» ስለምንላቸው እዚህም ጋሼ ይሁኑ።

መኪናዋን የገዙት ከአዲስ አበባ፣ በደላላ ነው። ዋጋውን ሲነግሩኝ አልገረመኝም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ውድ አድርጎታል። በ2016 መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ ተተኮሰ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለች አሮጌ ፕራዶ ዛሬም ዋጋዋ አይቀመስም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በብር ዋጋ የማልጽፈውም ለዚህ ነው። ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል።

ጋሼ ሲገዙ ያዩት ቀለሟን፣ ጎማዋንና ወንበሯን ነው። ሁሉም ደህና ነበር። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቃል። እኔ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ሞተር ሳይ ቅር ይለኛል። አቧራ የለበሰ ሞተር በየት በኩል እንደሚያፈስ በራሱ ላይ ጽፎ ያሳያል። የታጠበው ምንም አይናገርም። ውሉ ላይ ደግሞ የተለመደችው ሐረግ ሰፍራለች፤ «አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ ገዝቻለሁ» ትላለች። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከዓባይ በረሃ የጀመረ በሽታ

መኪናዋ እኛ ጋ የደረሰችው በአይሱዙ ተጭና ነው። ከኮሶዬ አልፋ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስትወጣ ነው የቆመችው። ጋሼ የመጡት ውሳኔያቸውን ይዘው ነበር። «ሞተር አስመጣልኝና ቀይርልኝ፤ አልቋል» አሉኝ። ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ታሪኳን ጠየቅሁ። ከገዟት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ፣ ትንሹንም ትልቁንም።

መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው አይደለም። መኪናዋን ከአዲስ አበባ ያመጣት ሾፌር በስልክ ሲጠየቅ ነው ነገሩ የወጣው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ የሙቀት መርፌው ከመሃል ከፍ ብሎበታል። ልምድ ያለው ሰው ነውና የካቢኑን ማሞቂያ ከፈተ። ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ስለሚያገለግል ሙቀቱን ትንሽ ይቀንሳል። መስኮት ከፍቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ደጀን ላይ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ውሃ ሞላ። ጎንደር ገብቶ ቁልፍ ሲያስረክብ ግን ይህን አልተናገረም። «ደርሳለች፤ ምን ብዬ ላስደንግጣቸው?» ነው ያለው።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ግን መኪናዋ ገና የገዢውን ደጃፍ ሳትረግጥ ታማ ነበር ማለት ነው። ገደል ወጥቶ የሚግል ሞተር ሜዳ ላይ ደህና ይመስላል። ከፒያሳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ብትመላለስ ማንም አያውቅባትም። ጋሼም ለጥቂት ወራት ሳያውቁ የነዷት ለዚህ ነው።

ከዚያ የደጋው መንገድ ተጀመረ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ 2800 ሜትር አካባቢ ነው። ከጎንደር ወጥቶ እስከ ኮሶዬ ድረስ ያለው ዳገት ደካማ ማቀዝቀዣ ያለውን መኪና ሁሉ ያጋልጣል። ጋሼም መርፌው ከፍ ሲል አዩ። የመጀመሪያው ጋራዥ ሄዱ። እዚያ የተደረገው በየሰፈሩ የሚደረገው ነው። ተርሞስታቱ ወጥቶ ተጣለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ልማድ ስንት ሞተር እንደበላ ቤቱ ይቁጠረው። አስተሳሰቡ ቀላል ነው። ተርሞስታት ውሃን የሚያግድ በር ነው፤ በሩ ከተነሳ ውሃው እንደልቡ ይዞራል፤ ሞተሩ ይቀዘቅዛል። በብዙ የቶዮታ ናፍታ ሞተሮች ላይ ግን ተርሞስታቱ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ሲከፈት የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ባለው ክዳን አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ተርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። ውሃውም ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ከሞተር ወጥቶ፣ ራዲያተር ሳይነካ፣ ወደ ሞተር ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ይግላል። በጋሼ መኪና የሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጋራዥ ውሃ እንደምትጠጣ አየ። ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር የለም፤ ውሃው ግን ይጎድላል። በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው መድፈኛ፣ የቴስታታ ጋስኬት ነው አለ። ከፈተ፣ ጋስኬት ቀየረ፣ ዘጋ። ግምቱ ግማሽ ትክክል ነበር። ቴስታታውን በግፊት አላስፈተሸም። ለምን ጋስኬቱ እንደተቃጠለም አልጠየቀም። መኪናዋ ለአጭር ጊዜ ደህና ሆነች፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ማውጣት ጀመረች።

የመጨረሻው ቀን ጋሼ ራሳቸው ይነዱ ነበር። ከኮሶዬ በኋላ መርፌው ወደ ቀዩ ተጠጋ። «ቆሜ ላብርዳት ስል ወዲያው ወረደልኝ። ተመስገን ብዬ ቀጠልኩ» አሉኝ። ያቺ ተመስገን ውድ ነበረች። መርፌው የወረደው ሞተሩ ስለበረደ አይደለም። ውሃው አልቆ ነው። የሙቀት መለኪያው በውሃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ውሃው ሲያልቅ አየርና እንፋሎት ውስጥ ይቀራል፤ ሞተሩ እየነደደ እሱ «በርዷል» ይላል። ብዙም ሳይሄዱ የብረት ድምፅ ሰሙ፤ ጉልበት ጠፋ፤ ቆመች።

በነገራችን ላይ የእነዚህ ቶዮታዎች መርፌ ጤነኛ ሆኖም ቢሆን ሙሉውን አይናገርም። ሾፌር እንዳይረበሽ ተብሎ ሙቀቱ በሰፊው ከፍ ዝቅ ቢልም መሃል ላይ ቆሞ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከመሃል ሲነሳ ነገሩ አስቀድሞ ሩቅ ሄዷል።

ሲከፈት የታየው

ጋሼ አብረዋቸው የመጣውን ልጅ «እስቲ አንዴ አስነሳት፤ ድምፁን ይስማው» አሉት። ከለከልኩ። ውሃ የጠጣ ሞተር በሞተሪኖ፣ በማስነሻው፣ አይመታም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለና ፒስተኑ ወደ ላይ ከተገፋ የሚታጠፈው ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው ነው። ከዚያ በኋላ ቴስታታ ብቻ የነበረው ጉዳት የሙሉ ሞተር ጉዳት ይሆናል።

ለማስነሳት ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን ካንዴሊታዎች አወጣን፤ ከዚያ የፊቱን ብሎን ይዘን ሞተሩን በእጅ አዞርነው። ዞረ፤ ግን እየፋቀ ነው። ከሦስተኛው ሲሊንደር ውሃ ተፈናጥሮ ወጣ። የዘይት መለኪያው ከልኩ በላይ ሞልቷል፤ ዘይቱም ነጣ ብሏል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ሞተሩ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ ርካሽ ምርመራ ነበረ። ለአንባቢ የሚጠቅመው ይሄ ስለሆነ ልጻፈው። ጠዋት፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውሃውን አፉ ድረስ ሙላ። ከዚያ አስነሳ። ውሃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከተነሳ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃ መንገድ እየገባ ነው። ሁለተኛው መንገድ የላይኛውን ጎማ ቱቦ መጨበጥ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ፣ ገና ሳይሞቅ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ያው ምልክት ነው። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ጋሼ መኪናዋን ሲገዙ አንዱን አድርገው ቢሆን ኖሮ ደላላው ሌላ ገዢ ይፈልግ ነበር።

ቴስታታው ወረደ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ከቫልቩ መቀመጫ ተነስቶ ናፍታው መጀመሪያ ወደሚነድባት ትንሽ ክፍል የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ዋን ኬዜድ ሲሰነጠቅ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚችው ቦታ ላይ ነው። ስንጥቅ መታየቱ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ላይ ላዩን ሆኖ ውሃው ጋ የማይደርስ አለ። ስለዚህ ወደ ቶርኖ ቤት ልከን የውሃ መንገዶቹ ተደፍነው፣ አየር ተሞልቶበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነከረ። ከሦስተኛው አረፋው ተንዠቀዠቀ። ቀጥ ያለ ብረት ሲቀመጥበትም መሃሉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጎብጧል። ከዚያ በላይ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ጉብጠቱን ለማቅናት ፊቱ ቀደም ሲል ተልጧል። ማን እንደላጠው አይታወቅም። ከጋሼ በፊት ሊሆን ይችላል። ብቻ ይህ ቴስታታ ሲግል የመጀመሪያው አልነበረም።

ጋስኬቱም ጥያቄ ያስነሳል። የዚህ ሞተር ጋስኬት በተለያየ ውፍረት ነው የሚመጣው። ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል ይለካና ለዚያ የሚስማማው ይመረጣል። የገባው ግን ሱቅ ውስጥ የተገኘው መሆኑ ያስታውቃል።

ሦስተኛው ፒስተን ጎኑ ተልጧል። ግድግዳው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለ። የማዞሪያውን ዘንግ የሚሸከሙት ብሮንዚናዎች ደብዝዘዋል፤ ውሃ የገባበት ዘይት ተሸካሚውን ስለማያለሰልስ የሚጠበቅ ነው። የማዞሪያው ዘንግ ግን ሲለካ ልኩን አልሳተም። ቢዬላዎቹም ቀጥ ያሉ ናቸው። ሞተሩ ክፉኛ ቆስሏል፤ አልሞተም።

ክርክሩ

ጋራዥ ውስጥ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ጋሼ፣ ባለቤታቸው፣ አንድ ዘመዳቸውና እኔ። ባለቤታቸው አጭር ነበሩ። «እንዳለች ሸጠን እንገላገል። ይቺ መኪና ገንዘባችንን ስትበላ ነው የኖረችው» አሉ። ዘመድየው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚያውቀው ነጋዴ አለ። «ከዱባይ የገባ ፉል ሞተር አለ። አውርደህ መስቀል ነው። በሳምንት ትነዳለህ» አለ። ጋሼ ልባቸው ወደዚህ ነበር።

ያገለገለ ሞተር መግዛት ሁልጊዜ ስህተት ነው አልልም። ብሎኩ ቢበሳ ወይም ዘንጉ ቢሰበር እኔም የምለው እሱን ነው። እዚህ ግን የተቃወምኩባቸው ምክንያቶች ነበሩኝ። ያ ሞተር ራሱ ምን እንዳለፈበት ማንም አያውቅም። እሱም ዋን ኬዜድ ነው፤ እሱም አሉሚኒየም ቴስታታ አለው፤ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ጋሼ አንዴ ያልተመረመረ ሞተር ገዝተዋል፤ ሁለተኛ ሊገዙ ነው።

ሌላው ወረቀቱ ነው። የሞተር ቁጥሩ የተቀረጸው ብሎኩ ላይ ነው፤ ሊብሬው ላይም ያለው እሱ ነው። ሞተር ከተቀየረ በተሽከርካሪ ምዝገባ አዋጁ (ቁጥር 681/2002) መሠረት ለመዝጋቢው አካል ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ለዚያ ደግሞ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ዲክላራሲዮን ያስፈልጋል። ዘመድየው ነጋዴውን ደውሎ ሲጠይቅ «ወረቀቱ ይፈለጋል» የሚል መልስ ነው ያገኘው። ይፈለጋል የተባለ ወረቀት ሲገኝ ብዙም አላየሁም። ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ወይም መኪናዋ ስትሸጥ የሊብሬው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ካልተስማሙ ጣጣው የጋሼ ነው። ብሎኩን ካስቀረን ግን ቁጥሩም ይቀራል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህንን ሞተር የገደለው ምንድን ነው? እስካሁን አላወቅንም። ራዲያተሩ እዚያው አለ። ራዲያተሩን የሚነፍሰው ቬንቲላተር እዚያው አለ። አዲስ የመጣው ሞተር ከእነዚሁ ጋር ነው የሚታሰረው። «ጋሼ፣ ገዳዩን ቤት ውስጥ አስቀምጠው ሌላ ሰው አያስገቡበት» አልኳቸው። ባለቤታቸው ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም፤ ግን «እሺ፣ መጀመሪያ እሱን ፈልግ» አሉ።

ገዳዩ

ገዳዩ አንድ አልነበረም። ራዲያተሩ ወርዶ ሲታይ ውጪው ደህና ነው። ውስጡን ውሃ ስናሳልፍበት ግን ከላይ የፈሰሰው ከታች ቶሎ አይወጣም። ላይኛው ሳጥን ሲከፈት ቱቦዎቹ ግማሽ ያህሉ በዝገትና በኖራ ደለል ተደፍነዋል። በመካከሉ የሚያጣብቅ ዱቄት ቅሪት አለ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ትንሽ ፍሳሽ ለመድፈን ጨምሮበታል። ያ ዱቄት ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም።

ለዓመታት የተሞላው ተራ ውሃ ነው። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ቧንቧ ካልመጣ የጉድጓዱም የወንዙም ይሞላል። ከውሃው ጋር የሚጨመረውን ኩላንት ስጠይቅ «እዚህ በረዶ የለ፣ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ኩላንት ውሃ እንዳይረጋ ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ዝገት ይከላከላል፤ ውሃው የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል።

ይቺ የመፍላት ነገር ለእኛ ለደጋ ሰዎች ዋና ጉዳይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጎንደር ላይ በ93 ገደማ ይፈላል። ደባርቅ ላይ ከዚያም ያንሳል። ባቄላ እዚያ ላይ ለመብሰል የሚቆየውም ለዚህ ነው። ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ 95 ዲግሪ ቢደርስ የጤና ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ተብሎ ተጽፏል፤ ያን ያህል ግፊት አምቆ ይይዛል ማለት ነው። ያኔ ጎንደር ላይ ተራ ውሃ እንኳ 115 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አይፈላም። ክዳኑ ካልያዘ ግን 93 ላይ ይፈላል። የጋሼ ክዳን ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስንፈትሸው ግፊት አልያዘም። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር።

ቬንቲላተሩ ሦስተኛው ነው። በዚህ መኪና ላይ ቬንቲላተሩን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው፤ በመካከል ሲሊከን ዘይት ያለበት መያዣ አለ። ሲቀዘቅዝ ይለቃል፤ ሲሞቅ ይይዝና በኃይል ይነፍሳል። ሞተሩ ገና ሳይፈታ በእጅ ስናዞረው ምንም ሳይከብድ በነፃ ይሽከረከር ነበር። ዙሪያው ላይም ቅባት የተቀላቀለበት አቧራ አለ። ሲሊከኑ ፈስሶ አልቋል። ሙቀት ሲመጣ የሚይዝ የለም። ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፤ ጎንደር ላይ ከባሕር ዳርቻው አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ራዲያተሩ በደንብ መነፈስ አለበት። አንዳንዱ ጋራዥ መያዣውን በብሎን ይበሳና ያስረዋል። ይነፍሳል፤ ግን ሁልጊዜ ስለሚዞር ናፍታ ይበላል፤ ፍጥነት ላይም ክንፉ ሊሰበር ይችላል። መልሰን ሲሊከን ሞላንበት።

ደለል፣ የሞተ ክዳን፣ የማይነፍስ ቬንቲላተር። በላዩ ላይ የወጣው ተርሞስታት። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ሜዳ ላይ መኪናዋ ትችለው ነበር። ዳገቱ ላይ ሁሉም ተሰበሰቡ።

ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለጋሼ ካሳየኋቸው በኋላ ስለ ዱባይ ሞተር ማንም አላነሳም።

ጥገናው

ቴስታታው አዲስ ተገዛ። የኦሪጅናሉ ዋጋ የሚታሰብ አልነበረም። ስፔን የሚሠሩ ለዚህ ሞተር የታወቁ ቴስታታዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ አዲስ አበባ ተገኘ። የተሰነጠቀውን በብየዳ እናድን የሚል ሐሳብም ነበር። አሉሚኒየም ሊበየድ ይችላል፤ ግን ከዚያች ትንሽ ክፍል አጠገብ የተበየደ ቴስታታ ዳገት ላይ እንዲቆይ ዋስ መሆን አልፈልግም።

ብሎኩ ወደ ባሕር ዳር ተልኮ አራቱም ሲሊንደሮች ትንሽ እንዲሰፉ ተወቀሩ። በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚተልቁ አራት ኦቨርሳይዝ ፒስተኖችና ቀለበቶቻቸው፣ ፋሻዎቹ፣ ገቡ። ጋሼ «የተጎዳው አንዱ፣ ለምን አራቱን?» ብለው ተከራክረዋል። ልክ ናቸው፤ በወረቀት ላይ አንዱን ብቻ መሥራት ይቻላል። ግን አንዱ አዲስ ሦስቱ አሮጌ የሆነ ሞተር እኩል አይገፋም። ብሮንዚናው፣ የውሃ ፖምፓው፣ ቺንጋውና ቱቦዎቹ በሙሉ ተቀየሩ። ተርሞስታቱ ቦታው ተመለሰ። ራዲያተሩ ታጥቦ የሚድን ስላልነበረ አዲስ ገባ። የሞተር ዘይት ማቀዝቀዣውም ተፈትሾ ታጠበ፤ ውሃና ዘይት የተቀላቀሉበት ሞተር ላይ እሱን የሚረሳ ብዙ ነው።

ዕቃ ሲመጣ ሲቀር፣ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ጊዜ ፈጀ። ስለሱ ብዙ አልልም፤ እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። ስንገጥም የቴስታታውን ብሎኖች የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ ቶርክ ቁልፍ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው ነው ያሰርነው። በጉልበት ግምት የታሰረ ቴስታታ ተመልሶ ይመጣል። ወጪው በጠቅላላው ከፉል ሞተሩ ትንሽ ዝቅ አለ። በርካሽነቱ አልመከርኩትም፤ ምን እንደገባበት የምናውቀው ሞተር ስለሆነ ነው።

ሻጩስ?

ጋሼ ሻጩን መክሰስ ፈልገው ጠበቃ አነጋገሩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው። እያወቀ ጉድለቱን ከደበቀ «አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ» የምትለው ሐረግ ሁልጊዜ አታድነውም። ግን ሕጉ ከገዢውም ይጠይቃል። ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ጋሼ አላሳወቁም። በመካከሉ ሁለት ጋራዥ ነካክቶታል። የመጀመሪያው ጋስኬት ተጥሏል። ሻጩ «በእናንተ እጅ ነው የተበላሸው» ቢል በምን ይመለስለታል? የተላጠው ቴስታታ አለ፤ ግን መቼ እንደተላጠ አይናገርም። ያ ሾፌር ደጀን ላይ ውሃ የሞላ ዕለት ደውሎ ቢሆን ኖሮ፣ በማግሥቱም ለሻጩ በጽሑፍ ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ጠበቃው «ይቻላል፤ ግን ከባድ ነው» አላቸው። ጋሼ ተዉት። ልክ ናቸው ብዬ አስባለሁ፤ በክርክሩ የሚጠፋው የሥራ ጊዜ ራሱ ቀላል አይደለም።

ዛሬ

ከሾፌሩ ፊት ያለው ክሩስኮት ላይ በዲጂት የሚያሳይ ሌላ የሙቀት መለኪያ አስገባንላቸው። የፋብሪካውን መርፌ እንዲያምኑ አልፈለግሁም። ውሃ ሲጎድል የሚጮህ መሣሪያም አለበት። ኮሶዬን አብረን ወጣን፤ መኪናዋ ሰው ሞልታለች። ሜዳ ላይ 86 ነበር፤ ዳገቱ አናት ላይ 94 ደረሰ፤ ቬንቲላተሩ ሲይዝ ድምፁ ተሰማ፤ ወደ 89 ተመለሰ። ጋሼ መንገዱን ትተው ቁጥሩን ሲያዩ ስለነበር መሪውን እኔ ያዝኩ።

ዘይቱ የመጀመሪያውን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሄደች ተቀየረ። ንጹሕ ነበር። ተርቦው ትንሽ ያፏጫል፤ ለጊዜው ትተነዋል። የካቢኑ ማሞቂያ ግን እንደተደፈነ ነው። ያው የራዲያተሩ ደለል እሱም ውስጥ አለ። ለማውጣት ክሩስኮቱ በሙሉ መፈታት አለበት። ጋሼ «ለዳባት ብርድ ጋቢ አለኝ» ብለው እምቢ ብለዋል። ከክረምቱ በኋላ እንዲያመጧት ተስማምተናል።